ቀድሜ የዘጋሁት መስመር

ክቡር ኮሎኔል፣ የክፍላችን መኮንኖች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ለአንድ የሬዲዮ ሰው ብላችሁ ይህን ሁሉ ወንበር ስለደረደራችሁ፣ ከሥራችሁም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አበባውን ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም። ከሄሊኮፕተር ጥገና ክፍል እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የእነሱ ቢሆን በሽቦ ታስሮ ነበር የሚመጣው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የማላያቸውን ሰዎች ሳናግር ኖሬ ዛሬ የማናግረው ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያስፈራል እኮ! ጀርባዬን ሰጥቻችሁ ልናገር ብል ቅር ይላችኋል?

እሺ፣ አትሳቁ። ለእንግዶቻችን ራሴን ላስተዋውቅ። በማዕረጌ ሻምበል ባሻ ነኝ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ግን «ጆሮ» ነው የምባለው። ሥራዬ የነፍስ አድን ክፍሉን ስልክና ሬዲዮ መያዝ ነው። ጎርፍ ሰው ሲወስድ፣ ገደል ሲናድ፣ ጀልባ ሲገለበጥ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ደወሉን እጫናለሁ፣ እነዚህ ጎረምሶች የጫማቸውን ማሰሪያ እየጎተቱ ይሮጣሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው በእጄ ጎትቼ አላወጣሁም። አንድ ጊዜ ብቻ በመስኮት የገባች ወፍ አውጥቻለሁ፤ እሷም ነክሳኝ ነው የሄደችው።

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ካርድ አለች። በእጄ የጻፍኳት ናት። አምስት ጥያቄ አላት፤ የት ነህ? ከአንተ ጋር ማን አለ? ምንህን አመመህ? ከመቼ ጀምሮ? ትንፋሽህ እንዴት ነው? ከሥር ደግሞ በቀይ ቀለም «ጠሪው ሳይዘጋ አትዝጋ» ይላል። አዲስ ሰው ወደ ክፍሌ ሲመደብ ሌላ ሥራ አላሠራውም፤ እሷን ሲያነበንብ ይውላል። ምክትሌ እዚያ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሷን ሦስት ቀን ነው ያስነበነብኳት። «ሻምበል ባሻ፣ በቃ ገባኝ እኮ!» ስትለኝ፣ «መግባቱን መች ጠየቅኩሽ? ሰው እየጮኸብሽ ትዪዋለሽ ወይ ነው ያልኩሽ» አልኳት። ከዚያ ጮህኩባት። ጩኸቴን አልፋ አንድ በአንድ አለችው። ዛሬ ወንበሩን ለእሷ ነው የማስረክበው፤ ይገባታል።

ጥያቄው ለምን አስፈለገ? ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚናገረው «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ስለሆነ ነው። እግሩ ድንጋይ ሥር ተይዞ «ደህና ነኝ፣ እናንተ ብቻ አትቸገሩ» ያለኝ ሰው አለ። ጠሪ ሁሉ ደህና ነው። ስትጠይቁት ነው የሚታመመው።

ዛሬ የጠራችሁኝ ስለ ራሴ እንድናገር ነው። እኔ ግን ስለ ባለ ፍየሉ ነው የምናገረው።

አዲስ የገባችሁት ልጆች በአካል አታውቁትም። ፎቶግራፉን ግን በመተላለፊያው በየቀኑ ታልፉታላችሁ፤ ያ ጥርሱ ሁሉ የወጣው ምክትል መቶ አለቃ። አትሳቅ ተብሎ ሦስት ጊዜ ነው የተነሳው፤ ያ ከሦስቱ የተሻለው ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ዕረፍት ወጥቶ ባሕር ማዶ ተጓዘ፤ በዚያው በሰው አገር ሞተ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት አንድ ነገር አለ፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቱ እፊቴ ተቀምጠዋል። ኮሎኔሉን «እናትየውን አስጠሩልኝ» ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ግን ፍየሏን ልንገራችሁ። እሷ ሳትነገር እሱ አይነገርም።

በሥራችን፣ እንግዶቻችን እንድታውቁት፣ በገመድ ከሄሊኮፕተር የሚወርድ ሰው እግሩ ሲያርፍ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ «መሬት»። ያረፈው ድንጋይ ላይም ይሁን ጭቃ ላይ፣ ጣራ ላይም ይሁን «መሬት» ነው የሚለው። ያን ጊዜ ላይ ያለው የገመድ ቴክኒሻን ገመዱን ያቆማል፤ እኛም እዚህ ትንፋሻችንን እንለቃለን። ልጁ የመጀመሪያ ግዳጁ ላይ፣ ያ ወንዝ ሰፈሩን ሁሉ ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ አንድ ጣራ ላይ ወረደ። «መሬት፣ ጋሼ» አለ። «ጋሼ» የሚባል ነገር በሬዲዮ የለም፤ ስንቴ ነገርኩት መሰላችሁ!

«ስንት ሰው አለ?» አልኩት።

«አንዲት አሮጊትና አንዲት ፍየል።»

«ሴትዮዋን አንሳ።»

«አልወጣም አሉ።»

«ለምን?»

«ፍየሏ ካልቀደመች አሉ።»

ኮሎኔሉ ያኔ ሻለቃ ነበሩ፤ ከኋላዬ ቆመው «ምን እያለ ነው?» አሉኝ። «ሁኔታውን እያጣራ ነው ጌታዬ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ትንሽ ቆየና ያ ልጅ በሬዲዮ ምን ይላል? «ጋሼ፣ አንድ ነፍስ ተነስታለች። ቀንድ አላት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ፍየሉ ሆኖ ቀረ። ኮሎኔሉ የዚያን ዕለት የተቆጡትን ቁጣ የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። በማግስቱ ግን፣ ክቡር ኮሎኔል፣ ከኩሽና ጎመን ይዘው እዚሁ ግቢያችን ወዳደረችው ፍየል ሲሄዱ አይቼዎታለሁ። እስከ ዛሬ ምስጢር ጠብቄያለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ ጡረተኛ ነኝ።

በኋላ «አንተ ልጅ፣ ለፍየል ብለህ ሰው ብታስጨርስስ?» ብዬ ያዝኩት። የመለሰልኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ብቻቸውን እኮ ናቸው። ያንተ ካርድ ‹ከአንተ ጋር ማን አለ?› አይደል የሚለው? ብትጠይቃቸው መልሳቸው ፍየሏ ናት።» ካርዷን የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ አድርጎ ያነበባት ግን እሱ ነው።

ከግዳጅ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ክፍል ነበር። ከነርጥበቱ መዝገቤ ላይ ቁጭ! «ውረድ ከመዝገቡ ላይ!» እለዋለሁ። አይወርድም። «ሲደውሉ ድምፃቸው እንዴት ነበር?» ይለኛል። ያወጣቸው ሰዎች ሁሉ ሲደውሉ እኔ የሰማሁት ድምፅ ምን እንደሚመስል ሳይጠይቀኝ ቀርቶ አያውቅም። የዚያ መዝገብ ገጾች እስከ ዛሬ የተጨማደዱ ናቸው። ምክትሌ፣ አደራ፣ እንዳትቀይሪው።

አራት ዓመት ዕረፍት አልወጣም። የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ሰው ብረት አይደለም፤ ብረትም ይዝጋል» አልኩት። በመጨረሻ እሺ አለ። የት ትሄዳለህ ስለው፣ «ማንም የማይሰጥምበት ባሕር ፈልጌ ዳርቻው ላይ እቀመጣለሁ» አለኝ። የዕረፍት ቅጹን ራሴ ይዤ ኮሎኔሉ ዘንድ ገብቼ አስፈረምኩለት። ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ የላክሁ ያህል ነው የተደሰትኩት።

አንድ ቀን ሙሉ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ሄደ። ያን ረጅም እግሩን አጣጥፎ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ለእኛ የምሳ ሰዓት ነው። ምክትሌ ምሳ ሄዳለች፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። በአደጋው መስመር አይደለም የደወለው፤ በተራው ስልክ ነው።

«ጋሽ ጆሮ! ማንም አልሰጠመም!»

«ማን ነው? አንተ ነህ እንዴ?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ አንድም ሰው አልሰጠመም! አንድ ሰውዬ ግን ዋና አይችልም፤ ለእሱ ሦስቴ ተነስቼ ቆሜያለሁ።»

ሳቅን። ስለ ባሕሩ ቀለም ነገረኝ፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው አለኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ። «ባቴን ያዘኝ እንጂ ጋሼ፤ አብጧል። ያ አውቶቡስ ነው ያጣጠፈኝ። አሁን ደግሞ የሆቴሉን ደረጃ ወጥቼ ቁና ቁና ተነፈስኩ። ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር።»

እናንተ የሬዲዮ ልጆች፣ እዚህ ላይ ምን ትጠይቃላችሁ? ምክትሌ ፊቷ ተለዋውጧል፤ ገብቷታል።

የማላውቀው አንድ ሾፌር እንዲህ ብሎ ቢደውልልኝ ኖሮ ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። አንዱ እግር ነው ሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? አሁንስ ትንፋሽህ እንዴት ነው? ከአንተ ጋር ማን አለ? በል አሁኑኑ ሐኪም ቤት እል ነበር። እስኪደርስም መስመሩን አልዘጋም ነበር። ለማላውቀው ሰው ይህን ሁሉ አደርግ ነበር! ይህን ልጅ ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩትም። የእኛ ልጅ ነዋ። ሰው የሚያነሳ ሰው ምን ይሆናል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ምን አልኩት መሰላችሁ? «አረጀህ በለኛ! ገደል የሚወጣ ሰው የሆቴል ደረጃ ያቅተዋል? ሂድ ተኛ፤ ትእዛዝ ነው።»

«ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ «ደግሞ ጋሼ...» ብሎ ሌላ ነገር ሊጀምር ሲል የአደጋው መስመር ጮኸ። «ቆይ፣ ሥራ መጣ» ብዬ ዘጋሁት። በቀይ ቀለም ራሴ የጻፍኩትን ራሴ ጣስኩ፤ ቀድሜ ዘጋሁት።

የመጣው ሥራ ምን ነበር? የተሳሳተ ቁጥር። ጎማ የሚጠግን ሰው ፈልጎ ነው የደወለው።

ልጁ እንደታዘዘው ሄዶ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት አልጋ የምታነጥፈው ሴት አገኘችው። ወረቀቱ ሲመጣ፣ ባቱ ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባውን ዘጋው ይላል። እኔ ነገሩን ሸፋፍኜ፣ የሌላ ሰው አስመስዬ፣ ሐኪማችንን «በዚያች ሰዓት ሐኪም ቤት ቢደርስስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምናልባት» አሉኝ። «አይድንም» ቢሉኝ አርፍ ነበር፤ «ይድናል» ቢሉኝም ቁርጤን አውቅ ነበር። «ምናልባት» ግን አታስተኛም። ሦስት ዓመት ከእሷ ጋር ነው የኖርኩት።

ሣጥኑ የመጣ ዕለት ሁላችንም ማኮብኮቢያው ዳር ተሰልፈን ነበር። ከአውሮፕላኑ አውርደው ሲያሳርፉት፣ አጠገቤ የቆመው የገመድ ቴክኒሻን፣ ያ ስንት ጊዜ ያወረደውና ያወጣው ሰው፣ «መሬት» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ሰልፉ ሁሉ ሰማው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ለቅሶ ስንደርስ እናቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «መጨረሻ ላይ ከልጄ ጋር የተነጋገረ ሰው አለ?» አሉ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። እርስ በርስ ተያያችሁ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። መዝገቡ ላይም አልጻፍኩትም፤ «የግል ስልክ ነው» ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ለእኔም፣ ለገዛ ልጃችንም ባዳ የሆንኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጡረታዬ ሲቀርብ ይህን ይዤ ከግቢው መውጣት አቃተኝ። እናቱ በአዳራሽ ከሰው እኩል እንዲሰሙት ማድረግም ነውር ነው። ስለዚህ ከትናንት ወዲያ ቤታቸው ሄድኩ።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ያጥፉ ነበር። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ፤ ቆሜ ነገርኳቸው። አሁን ለእናንተ እንደነገርኩት፣ ምንም ሳልቀንስ። መኪናው ቆመ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ይድገሙልኝ» አሉኝ። ደገምኩት።

እኔ እርግማን እየጠበቅኩ ነው። እርግማን ቢመጣ ተቀብዬ ለመሄድ ተዘጋጅቻለሁ።

«ሲያናግርህ ድምፁ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ቀረ፤ «አንተ» ሆንኩ። ደግሞ ጥያቄው የማን እንደሆነ አያችሁ? የልጃቸው ጥያቄ ናት። እናትና ልጅ!

«እየሳቀ ነበር» አልኳቸው።

«እየሳቀ?»

«እየሳቀ ነበር። ማንም አልሰጠመም እያለ።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። እንዲህ ያለ ቁጣ በሠላሳ አንድ ዓመት በየትኛውም መስመር አልሰማሁም። «ሦስት ዓመት ሙሉ» አሉኝ፣ «ልጄ ባሕሩን ሳያይ፣ አንድ ሰው ሳያናግር፣ ድዳ ሆኖ በሰው አገር ሞተ እያልኩ ነው የኖርኩት። ለካ አይቶታል! ለካ የሚያስቀው ሰው ነበረው! ይህንን ነው የደበቅከኝ?»

«የገደልኩት መስሎኝ ነው የደበቅኩት» አልኩ።

«እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን። አንተ ግን ሳቁን ወስደህብኛል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ ጥፋቴን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር። የደበቅኩት የእሳቸውን ሀብት ነው። ይህን ሳላውቅ ጡረታ ልወጣ ነበር።

ከዚያ አስቀመጡኝ። «ማንም አልሰጠመም ያለው እንዴት አድርጎ ነው? በል እንደሱ አድርገህ በለው» አሉኝ። አልኩት። እንደገና አሉኝ፤ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ሳቁ። አራተኛው ላይ ሁለታችንም አለቀስን። ሽማግሌ ነኝ፤ አላፍርም። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር በሉኝ አላልኩም፤ አፌ እሺ አላለኝም።

ልወጣ ስል እስከ በሩ ሸኙኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቤት ከአንተ ጋር ማን አለ?»

ካርዷን አይተዋት አያውቁም። ማንም አልነገራቸውም። እንዲሁ እናት ስለሆኑ ነው የጠየቁኝ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው፤ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። እኔም እንደ ጠሪ ሁሉ «ኧረ ደህና ነኝ» ልል ነበር። አልዋሸሁም። «ማንም የለም» አልኩ።

«እንግዲያ ነገም ና። ከነገ ወዲያም ና። የልጄን ገና ብዙ ያልነገርከኝ አለ» አሉኝ።

ትናንት ሄድኩ፤ የፍየሏን ነገርኳቸው። ዛሬም ከዚህ አብረን ነው የምንወጣው። የስንት ዓመት ወሬ አለኝ። ጡረታ ወጥቶ ሥራ ያላጣ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ትናንት ከሰዓት ደግሞ መዝገቡን ከማስረከቤ በፊት ልጁ የደወለበትን ቀን ገጽ ገልጬ ጻፍኩት። ቀኑንና ሰዓቱን። ጠሪ፦ የእኛ ልጅ። የተነገረው፦ ማንም አልሰጠመም፤ ባቴ አብጧል፤ ትንፋሽ አጠረኝ። የተጠየቀው፦ ምንም። መስመሩን የዘጋው፦ አስተላላፊው። ፈረምኩበት። ክቡር ኮሎኔል፣ የሚያስጠይቀኝ ነገር ካለ ቤቴን ያውቁታል። እዚያ ካጡኝ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነኝ።

ካርዷ ላይም አንዲት መስመር ጨምሬያለሁ። ምክትሌ ነገ ጠዋት ስትገቢ ታገኚያታለሽ፤ «የራስህ ሰው ቢሆንም» ትላለች። ሌላ የማወርሳችሁ ነገር የለኝም። የማታውቁትን ሰው የምትጠይቁትን ያህል እርስ በርስ ተጠያየቁ። ምሳ ላይ «ደህና ነኝ» የሚላችሁን የገዛ ጓዳችሁን አትመኑት። እንዲያውም በጣም የሚያስቀውን ሰው ነው ሁለቴ መጠየቅ። ቢስቁባችሁ ይሳቁ። እኔ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ቢስቅብኝ ምን ነበረበት?

ልጆቼ፣ በወጣችሁበት ሁሉ መመለሻውን ያብጅላችሁ። ገመዳችሁን ያጥብቀው። ወንዙ ሲሞላ ልባችሁ አይጉደል። በምትወርዱበት ሁሉ «መሬት» የምትለዋን ድምፃችሁን የሚሰማ ጆሮ አይጥፋባችሁ። ዕረፍት ስትወጡም ውጡ፤ ባሕርም እዩ፤ ስትመለሱም ያያችሁትን የምትነግሩት ሰው አይታጣ። እናንተም፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የላካችሁት ልጅ በሰላም ይግባላችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

እዚህ ላይ ተናጋሪ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ቀድሜ መዝጋቱን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አልደግመውም። እህቴ፣ የልጃችን እናት፣ እርስዎ ሲበቃዎት ይነሱ። እስከዚያ እዚሁ መስመሩ ላይ ነኝ።